በእጅ ስለሚለወጠው የመኪና ማርሽ

ሰው በጥበቡ አዲስ መሣሪያ ባገኘ ጊዜ አሮጌውን መተው ልማዱ ነው። መተዉም ብዙ ጊዜ የሚገባ ነው፤ ነገር ግን ከአሮጌው መሣሪያ ጋር የኖረው ዕውቀት ሥራውን ሳይጨርስ የተጣለ እንደ ሆነ ጉዳት ያመጣል። ይህን ለመጻፍ ያነሣሣን፥ በተለምዶ ማንዋል የሚባለው በእጅ የሚለወጥ የመኪና ማርሽ ከዓለም እየቀነሰ መሄዱ ነው።

እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1891 ዓ.ም. ገደማ የፈረንሳዮቹ የፓናርና የሌቫሶር ፋብሪካ እየተንሸራተቱ የሚገጥሙ ማርሾችን በመኪና ላይ አደረገ። በ1928 ዓ.ም. የአሜሪካው ካዲላክ ማርሹ ሳይንጫጫ የሚገባበትን ብልሃት አወጣ። በ1939 ዓ.ም. ደግሞ ኦልድስሞቢል ፍሪሲዮን መርገጥ የማያሻውን፥ ማርሹም በራሱ የሚለወጠውን መኪና ለገበያ አቀረበ። ወደ አገራችን በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ለዳግማዊ ምኒልክ ያመጣው መኪና፥ እንደ ዘመኑ መኪናዎች ሁሉ ማርሹ በእጅ የሚለወጥ ነበር።

ይህ ማርሽ ስለ ምን ተወደደ? ቢባል፥ ነጂውን ሥራ ስለማያስፈታው ነው። ግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን፥ ቀኝ እግሩ ነዳጁንና ፍሬኑን፥ ቀኝ እጁ ማርሹን ይጠብቃሉ፤ ጆሮውም የሞተሩን ድምፅ ያዳምጣል። እጁና ልቡ በሥራ ላይ ስለ ሆኑ ስልክ ለመነካካት ጊዜ አያገኝም። ባትሪው የደከመ እንደ ሆነም ሁለት ሦስት ሰዎች ገፍተው ያስነሡለታል።

ከሁሉ በላይ ግን ጥቅሙ የሚታወቀው በቁልቁለት ነው። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ ወይም በሊማሊሞ የሚወርድ የጭነት መኪና ፍሬኑን ብቻ አምኖ የተጓዘ እንደ ሆነ፥ ፍሬኑ ግሎ መያዙን ይተዋል። ከባድ ማርሽ ይዞ የሚወርድ ግን ሞተሩ ራሱ ጎማውን ይገታለታል። ዳገቱን በሚወጡበት ማርሽ ቁልቁለቱን መውረድ የነጂዎች የታወቀ ሕግ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ስንል አዲሱን ለመንቀፍ አይደለም። በራሱ የሚለወጠው ማርሽ ቀድሞ ነዳጅ ያባክን ነበር፤ ዛሬ ግን ስምንትና ከዚያም በላይ ማርሽ ያለው፥ ለዘዴውም ኮምፒውተር የተሰጠው ስለ ሆነ፥ በቁጠባ ከማንዋሉ የማያንስ ሆኖአል። በከተማ የመኪና ጭንቅንቅ ውስጥ እግርን ያሳርፋል፤ ግራ እግሩ የተጎዳ ሰውም እንዲነዳ አስችሎአል። የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ሞተሩ ከመነሻው ጀምሮ ሙሉ ኃይል ስለሚሰጥ፥ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ማርሽ ብቻ ይበቃዋል፤ በቁልቁለትም ሞተሩ እየገታ ባትሪውን ይሞላል። መንግሥታችን በጥር 2016 ዓ.ም. ከኤሌክትሪክ በቀር በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች እንዳይገቡ መወሰኑን ባስታወቀ ጊዜ፥ የማርሹ ዕድል በአገራችንም ወዴት እንደሚያመራ ታወቀ። ይሁን እንጂ የሰው ፍቅር ቶሎ አይሞትምና፥ ሂዩንዳይ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2023 ዓ.ም. ባወጣው አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ላይ፥ ማርሽ ሳይኖር ማርሽ የሚለወጥ የሚያስመስል ዘዴ አድርጎበታል።

እኛን የሚያሳስበን በመካከል ያለው ዘመን ነው። አዲስ የሚገባው የቤት መኪና ማርሽ ባይኖረውም፥ እህል፥ ሲሚንቶና መንገደኛ የሚያመላልሱት አሮጌዎቹ አይሱዙና ሚኒባስ ገና ብዙ ዓመት በመንገድ ላይ ይቆያሉ። ፍሪሲዮን ረግጦ የማያውቅ ወጣት ከእነዚህ በአንዱ ላይ ተቀምጦ የዓባይን በረሃ የወረደ እንደ ሆነ፥ አለማወቁን የሚከፍለው እርሱ ብቻ ሳይሆን ከኋላው የተሳፈረውና በመንገድ ዳር የሚሄደውም ነው። በእንግሊዝ አገር በአውቶማቲክ መኪና የተፈተነ ሰው ማንዋል እንዲነዳ ፈቃድ አይሰጠውም። በአሜሪካም የጭነት መኪና ነጂ በአውቶማቲክ የተፈተነ እንደ ሆነ በፈቃዱ ላይ ይኸው ክልከላ ይጻፍበታል። መልካም ሥርዓት ነውና ልንመለከተው ይገባል።

እንግዲህ የማሠልጠኛ ቤቶች የመኪናው ዓይነት ተለወጠ ብለው የማርሽን ትምህርት አይተዉ። ፈታኞችም ተማሪው ወደ ኋላ ሳይንሸራተት በዳገት ላይ መነሣትንና ማርሽ ይዞ ቁልቁለት መውረድን ሳያሳይ፥ ለጭነትና ለሕዝብ መኪና የሚሆን ፈቃድ አይስጡት። ባለንብረቱም ቁልፉን ከማስረከቡ በፊት የሚረከበው ሰው ማርሹን ማወቁን ይመርምር። ማንዋል መኪና አንድ ቀን ከመንገድ ይወጣል፤ ይህም አያሳዝንም። የሚያሳዝነው ዕውቀቱ ከመኪናው ቀድሞ የወጣ እንደ ሆነ ነው።