ቡናው ሳይቀላ ጥያቄው ይዘጋጅ

እኛ በቡናው አገር የምንማር ተማሪዎች የመመረቂያ ጥናት ስናቅድ ብዙውን ጊዜ የምንነሣው ከመጻሕፍት ቤቱ መደርደሪያ ነው። ያለፈው ተመራቂ የጻፈውን እናወርዳለን፤ የቀበሌውን ስም እንለውጣለን፤ መጠይቁን እናባዛለን። ከዚያም ገበሬውን ዕድሜው ስንት እንደ ሆነ፣ ስንት ሄክታር እንዳለው እንጠይቀዋለን። እርሱም በትዕግሥት ይመልሳል። ምናልባት አምናም መልሶ ይሆናል።

ተግባራዊ ምርምር የሚባለው ግን ሌላ ነው። ኩርት ሌዊን እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ እንዳስረዳው፣ አካሄዱ ማቀድ፣ መሥራት፣ ሥራው ያስገኘውን መመልከትና እንደ ገና ማቀድ ነው። እንግዲህ አስቀድሞ ሥራ ሊኖር ይገባል፤ ሠሪውም ከጥያቄው ጀምሮ አብሮ ሊኖር ይገባል። አንድ የሸኮ ገበሬ እሸት ቡናውን መሬት ላይ ሲያሰጣ ዝናብ እየመታው ይሻግትበታል እንበል። ከፍ ባለ አልጋ ላይ አሳስቶ ቢያሰጣው፣ ማታ ማታም ቢሸፍነው ምን ያህል ይሻላል? ከአንድ ማሳ በአንድ ቀን የተለቀመውን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን እንደ ልማዱ፣ ግማሹን በአልጋ አድርጎ፣ እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ በየቀኑ መመዝገብ ነው። ነጋዴው ለሁለቱም አንድ ዋጋ የሚከፍል ከሆነ ግን ገበሬው ለአልጋው ጉልበቱን የሚያፈስበት ምክንያት የለም፤ ይህም ጥያቄው ከመጻፉ በፊት መታወቅ አለበት።

ቡናው ደግሞ የትምህርት ቤት ሰሌዳ አያውቅም። ለቀማው በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ዕቅዱ በየካቲት ከጸደቀ ተማሪው የሚደርሰው ጀንፈሉ በጆንያ ከታሰረ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ከመጠይቅ በቀር ምን ይቀረዋል?

ከሁሉ የከበደው ጉዳይ ግን ሙከራው ቢከሽፍ ኪሳራው የማን ነው የሚለው ነው። ስድስት ኪሎ ያህል እሸት ቡና የሚሰጠው አንድ ኪሎ ንጹሕ ቡና ነው። ስልሳ ኪሎ እሸት በእኛ ሙከራ ቢሻግት ለእኛ በሠንጠረዥ ውስጥ አንድ መሥመር ነው፤ ለቤተ ሰቡ የጨውና የልጅ ደብተር ገንዘብ ነው። ለወረቀትና ለመጓጓዣ ወጪ እንይዛለን። ለተበላሸ ቡና ካሣ የምንይዝ ስንት ነን?

«ይህ ተራ ሥራ እንጂ ሳይንስ አይደለም» የሚል ወገን አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ የሚያጠቁረው በሽታ በአገራችን ሲታይ፣ ተመራማሪዎች መፍትሔ የፈለጉት በሽታው ከበረታባቸው የደቡብ ምዕራብ ማሳዎች ሳይታመሙ የቀሩትን ዛፎች እየለዩ ነበር። ዛሬ ገበሬው የሚተክላቸው 74110ና 74112 የተባሉት ዝርያዎች በቍጥራቸው መጀመሪያ የያዙት 74 የተመረጡበትን 1974ን የሚያመለክት ነው። ከማሳ የወጣ ሳይንስ ይህ ነው።

ስለዚህ አማካሪ መምህራን ዕቅዳችንን ከመስከረም በፊት እንዲያዩልን እንጠይቅ። ውጤቱም ለፈታኞች ከመቅረቡ አስቀድሞ በዚያው በአልጋው አጠገብ ለገበሬው ይነበብለት፤ «በዚያ ቀን እኮ ዝናብ አልነበረም» ብሎ ሊያርመን ይችላል። ይህም ጀንፈሉ ሳይሸጥ ይሁን፤ ከተሸጠ በኋላ የምንነግረው ቢጠቅመው ለከርሞ ነው።