ብዙ ኮር፣ አንድ በርሜል

ስልክ ልንገዛ ሱቅ ጎራ ስንል ከዋጋው ቀጥሎ የምንጠይቃት ጥያቄ አለች፤ «ስንት ኮር ነው?» ባለ ስምንት ከሆነ ፊታችን ይፈካል። ስምንት ከአራት ይበልጣል፣ አለቀ! ለስልክስ ግድ የለም፤ ቪዲዮው ለአፍታ ቢቆራረጥ የሚሞት ሰው የለም። ይህችኑ ጥያቄ ይዘን ወደ ኔትወርክ ማማ፣ ወደ አልትራሳውንድና ወደ አውሮፕላን ስንሄድ ግን ነገር ይበላሻል ባዮች ነን።

ለምን? እስቲ ወደ ሳንጃ እንውረድ። በታች አርማጭሆና በመተማ ቆላ ሰሊጥ ሲደርስ ቀልድ የለም። በሰዓቱ ካልታጨደ ፍሬው ያለበት ቅርፊት ይከፈትና መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ባለ እርሻው ሠራተኛ ይጨምራል፤ አሥሩ ሃያ፣ ሃያው አርባ ይሆናል። ውሃው ግን ያው አንድ በርሜል ነው እንበል። በዚያ ሙቀት አርባው ሰው ማጨዱን ትቶ በርሜሉ ዘንድ ይሰለፋል።

ባለብዙ ኮር ፕሮሰሰርም እንዲሁ ነው። ኮሮቹ ሠራተኞቹ ናቸው፤ የጋራ ሜሞሪውና ወደ እሱ የሚወስደው መስመር ደግሞ በርሜሉ። አንድ ኮር ብቻውን የሚጨርሰው ሥራ፣ ጎረቤቶቹ ሜሞሪውን ሲሻሙት ምን ያህል እንደሚዘገይ አስቀድሞ ማወቅ ያስቸግራል። አማካይ ፍጥነቱ ያድጋል፤ የክፉ ቀን መዘግየቱ ግን አይታወቅም። ጂን አምዳልም ገና በ1967 እ.ኤ.አ. የጭማሪውን ልክ አሳይቶናል፤ ከሥራው አንድ አሥረኛው በተራ ብቻ የሚሠራ ከሆነ፣ መቶ ኮር ቢደረደር እንኳ ፍጥነቱ አሥር እጥፍ አይሞላም።

«ቢዘገይስ ምን ይመጣል?» ትሉ ይሆናል። የ4ጂ ማማ ስልካችን የላከለትን የ1 ሚሊ ሰከንድ ሲግናል ከጫጫታው አጣርቶና ፈትቶ፣ «ደርሶኛል» ወይም «ድገመው» የሚለውን መልስ በአራተኛው ሚሊ ሰከንድ መላክ አለበት። ለስሌቱ የሚተርፈው 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣ ትክክለኛ መልስ የረገፈ ሰሊጥ ነው። (መተማ ላይ ኔትወርክ በጠፋ ቁጥር ጥፋቱ የፕሮሰሰር ነው አላልንም!)

የአቪዬሽን ሰዎች ይህ ነገር አሳስቧቸዋል። የአሜሪካና የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ያሉበት ቡድን በ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ካስት-32ኤ» ሰነድ፣ ኮሮች የሚሻሙበት ቦታ ተለይቶ መፍትሔው እንዲታይ ጠየቀ። የአውሮፓው ተቆጣጣሪ በ2022 እ.ኤ.አ. መመሪያ አወጣበት። መፍትሔው ሜሞሪውን ከፋፍሎ ለየኮሩ ማደል፣ የእያንዳንዱን ድርሻ መገደብ፣ አንዳንዴም ኮሮችን ጨርሶ ማጥፋት ነው። ማለትም የተገዛው ኮር ሁሉ አይሠራበትም።

ወደ አንድ ኮር እንመለስ ማለትም አያዋጣም። ኢንቴል በ2004 እ.ኤ.አ. አንዱን ኮር ይበልጥ የማፍጠን ዕቅዱን ትቶ ወደ ብዙ ኮር የዞረው በዋነኛነት ሙቀቱ አላስችል ብሎት ነው። የእኛ ቆላ ደግሞ በዚህ ላይ የራሱን ይጨምራል። ፕሮሰሰር ከልኩ በላይ ሲሞቅ እንዳይቃጠል ብሎ ራሱን ያዘገያል። አዲስ አበባ ውስጥ በቀዝቃዛ ክፍል ተፈትኖ ያለፈ መሣሪያ፣ ከ40 ዲግሪ በላይ በሆነ የሚያዝያ ቀትር ቆላ ላይ ቀጠሮውን ላያከብር ይችላል።

ስለዚህ የምንለው አጭር ነው። ለጤና ጣቢያም ሆነ ለቴሌኮም መሣሪያ ሲገዛ ጨረታው ላይ የኮር ብዛት ብቻ ሳይሆን «ሁሉም ኮር ሥራ በዝቶበት፣ በዚህ ሙቀት፣ ቢበዛ ስንት ሚሊ ሰከንድ ይዘገያል?» የሚል መስፈርት ይጻፍ። የኢንጂነሪንግ ተማሪዎችም ፕሮግራማቸው ስለሠራ ብቻ ሳይሆን በሰዓቱ ስለመጨረሱ ይፈተኑ። ለዚህ ጥያቄ መልስ የሌለው ሻጭ ስምንት ኮር ቢያቀርብም አሥራ ስድስት ቢያቀርብም፣ ዕቃው ለሳንጃ ገና አልደረሰም።