ኢንዛይም ፉርሽካን በቆሎ አያደርገውም

የሥጋ ዶሮ የሚያረባ ሰው ከወጪው 60 እስከ 70 በመቶ የሚሆነው የሚሄደው ለመኖ ነው። በቆሎ የሰውም እህል ስለሆነ፣ ዋጋው ሲወደድ አርቢው ፊቱን ወደ ፉርሽካና ወደ ኑግ ፋጉሎ ያዞራል። በ6 ሳምንት 2 ኪሎ እንድትሞላ የተዳቀለች ዶሮ ግን አሰር የበዛበት መኖ አይስማማትም። በቆሎ ያለው አሰር ከ3 በመቶ ብዙም አይበልጥም፤ ፉርሽካ ወደ 10 ይጠጋል፤ ኑግ ፋጉሎ ከዚያም ያልፋል። ኢንዛይም የሚታሰበው እዚህ ላይ ነው። እኔም ደጋፊው ነኝ፤ በተዘጋጀ መኖ ላይ ያለ ስሌት ጣል ሲደረግ ግን ከኪሳራ የማይሻል ይመስለኛል።

ነገሩን ከሥሩ እንየው። የፉርሽካ የሕዋስ ግድግዳ የተሠራው በአብዛኛው አረቢኖክሳይላን ከሚባል የስኳር ሰንሰለት ነው። የሚሟሟው ክፍሉ አንጀት ውስጥ ውሃ ይይዝና ንፍጥ መስሎ ይወፍራል፤ ስታርቹና ፕሮቲኑም ሳይፈጭ ያልፋል። ኩሱ ይጣበቃል፣ ጉዝጓዙ ይረጥባል፣ አሞኒያው ዓይን ያቃጥላል፣ የዶሮዋ መዳፍ ይቆስላል። ዛይላኔዝ የሚባለው ኢንዛይም ያንን ሰንሰለት ይቆራርጠዋል። ለገብስ ደግሞ ቤታ ግሉካኔዝ አለ፤ ገብስ አብቃይዋ ፊንላንድ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ለዶሮ መኖ ኢንዛይም መጠቀም የጀመረችው በዚሁ ምክንያት ነበር። ፉርሽካ ውስጥ የታሰረውን ፎስፈረስ የሚፈታው ፋይቴዝም ሊዘነጋ አይገባም።

«ኢንዛይም ከገባማ ፉርሽካውን የፈለግነውን ያህል እንጨምር» የሚሉ አሉ። አይሆንም። የኑግ ገለባ የያዘውን፣ ሊግኒን የሚባለውን የማይፈጭ ክፍል ዛይላኔዝ አይነካውም፤ የመኖው ግዝፈትም ሆድ ሞልቶ ጉልበት ያሳንሳል። «በዶላር የሚገባ ነገር ነው» የሚለው ስጋት ግን ከዚህ ይከብዳል። ሆኖም ለአንድ ቶን መኖ የሚያስፈልገው ጥቂት መቶ ግራም ነው፤ መጠየቅ ያለበት የኢንዛይሙ ዋጋ ከሚተካው በቆሎና ዘይት ዋጋ ያንሳል ወይ ነው። መልሱም የሚገኘው ኢንዛይሙ የሚያስለቅቀው ጉልበት ተቆጥሮ የመኖው ቀመር እንደገና ሲሠራ ብቻ ነው። ዘይቱና በቆሎው እንደነበሩ ከቀሩ፣ አርቢው የከፈለው ለማያየው ትርፍ ነው።

«ሞክረነው ለውጥ አላየንም» የሚለውን አቤቱታ እኔ በቀላሉ አላልፈውም፤ ብዙ ጊዜ እውነት ነውና። መነሻው በቆሎና አኩሪ አተር የሆነ መኖ የሚወፍር ነገር ብዙም ስለሌለው ዛይላኔዝ ብዙ የሚሠራው አያገኝም። መኖው በእንክብል መልክ ሲዘጋጅ ሙቀቱ ከ85 ዲግሪ ካለፈም ብዙዎቹ ኢንዛይሞች ይበላሻሉ። አገር ውስጥ በዱቄት መልክ የሚሸጠው መኖ ከዚህ ይተርፋል፤ የእሱ ችግር አደባለቁ ነው። ለቶን 200 ግራም ከታዘዘ፣ በቀን 20 ግራም የምትበላ ጫጩት የሚደርሳት 4 ሚሊግራም ነው። ይህን በአካፋ አንድ ጊዜ ገልብጦ ማዳረስ አይቻልም። መጀመሪያ ከ2 ኪሎ ፉርሽካ ጋር፣ ቀጥሎ ከ20 ኪሎ ጋር፣ ከዚያ ከቀረው መኖ ጋር መደባለቅ አለበት። አቀነባባሪውም ከረጢቱ ላይ «ኢንዛይም አለው» ከማለት አልፎ የትኛው ኢንዛይም፣ በኪሎ ስንት ዩኒት እንደገባ መጻፍ ይገባዋል። የሚጠራጠር አርቢ ቤቱን ለሁለት ከፍሎ፣ ግማሹን በድሮው ቀመር፣ ግማሹን ከኢንዛይም ጋር በታረመው ቀመር ይመግብ፤ በ42ኛው ቀን የተበላውን መኖ ለተጨመረው ክብደት ያካፍል፤ ለአንድ ኪሎ ሥጋ በየወገኑ ያወጣውን ብርም ያነጻጽር።