ሞተር ቀይራችሁ ኮይሉን ለምን ትተዉታላችሁ?

ይህን ጽሑፍ አንብቦ የሚቀየም መካኒክ ይኖራል። ይቀየም።

ላዳዬ ላይ የቶዮታ ሞተር ካስገባሁ ስምንት ወር ሆነኝ። ጋራዡ ሞተሩን አስቀመጠ፣ ካምቢዮውን ገጠመ፣ "አለቀ፣ እንኳን ደስ ያለህ" አለኝ፤ ከፈልኩ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ጉድ ስሙ። ሜዳ ላይ እንደ አዲስ ይሄዳል። ሰው ጭኜ የቸርችልን ዳገት ስጀምር ይንተፋተፋል፣ ቤንዚን ይሸታል። ተመለስኩ። "ካንዴላው ነው" አሉ፤ ቀየርኩ። "ካርቡሬተሩ ነው" አሉ፤ አሳጠብኩ። በመጨረሻ "የከተማው ከፍታ ነው" አሉኝ! አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ እንደሆነች፣ ከፍታም ጉልበት እንደሚቀንስ አውቃለሁ። ግን ጎረቤቴ በዚያው ዓይነት ሞተር ዳገቱን ይወጣ የለም እንዴ?

አንድ የመኪና ኤሌትሪሺያን ሞተሩ እየሠራ ለካው። ባትሪው ላይ 14 ቮልት፣ ኮይሉ ላይ 10 ተኩል። ቀሪው የት ገባ? ያረጀው የቁልፍ ማብሪያና ቀጭኑ የድሮ ሽቦ በሉት። ኮይሉም የላዳው ነው፤ ለፑንቲና የተሠራ፣ ሬዚስታንሱ 3 ኦም አካባቢ። የቶዮታው ኤሌክትሮኒክ ዲስትሪቢውተር የሚፈልገው የዚያን ግማሽ ያህል ነው።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ቮልቱ በሩብ ሲቀንስ ከረንቱም በሩብ ይቀንሳል፤ ኮይሉ የሚያጠራቅመው ጉልበት ግን በከረንቱ ስኩዌር ስለሚሄድ ወደ ግማሽ ገደማ ይወርዳል። ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ደግሞ ሲሊንደር ውስጥ ግፊት ይጨምራል፤ እሳቱ ለመዝለል የበለጠ ቮልት ይፈልጋል። ስለዚህ ሜዳ ላይ ደህና የነበረው ዳገት ላይ ይከዳል። ያልተቃጠለው ቤንዚን በጭስ ማውጫ ይወጣል፣ የሲሊንደሩን ዘይትም ያጥባል። ኪሳችንም ሞተራችንም አብረው ያልቃሉ።

መፍትሔው ግማሽ ቀን አልፈጀም። ከባትሪ በፊውዝና በሪሌ በኩል ወፍራም ሽቦ፤ የቁልፉ ሽቦ ሪሌውን ብቻ ማዘዝ፤ ለዲስትሪቢውተሩ የሚስማማ ኮይል፤ ሞተሩን ከቦዲው የሚያገናኝ ንጹሕ ኔጋቲቭ፤ ታይሚንጉን በመብራት ማስተካከል። በቃ!

"ደንበኛው በዋጋ ይከራከረናል፣ ምን እናድርግ?" ትላላችሁ። እውነት ነው፣ እኔም ተከራክሬያለሁ። ግን ንገሩንና እኛ እንምረጥ እንጂ፣ ሳትነግሩን ጎዶሎ ሥራ "አለቀ" አትበሉን።

እናንተም ባለመኪናዎች፣ "ሬሲንግ ኮይል" እያላችሁ አትሩጡ። ሬዚስታንሱ ዝቅ ያለ ኮይል ፑንቲና ላይ ብትገጥሙ ፑንቲናውን ያቃጥለዋል። የሚያስፈልገው ትልቁ ኮይል ሳይሆን የሚስማማው ነው።

ሞተር የምታስቀይሩ ሁሉ፣ ገንዘቡን ከመቁጠራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ "ሞተሩ እየሠራ ኮይሉ ላይ ስንት ቮልት አለ?" መልስ ከሌላቸው ሥራው አላለቀም።

ዳገት ላይ ተሳፋሪ አውርዶ የሚያውቅ ሼር ያድርገው።