ጉባኤ ቤቱን ያበሉ እናቶች

በደቡብ ጎንደር በእብናት ገጠር አንድ ዲያቆን ልቅሰስ ብሎ ሲነሣ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ሚስት ናት። ድንግል መሆን አለባት፤ ሥርዓቱ ይህን ይጠይቃል። በተክሊል አግብቶ፣ አብረው ቆርበው፣ ከዚያ ጳጳሱ ዘንድ ቀርቦ ይቀስሳል። ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ ማግባት አይፈቀድለትም፤ ካገባ ቅስናው ይፈርሳል። ፈትቷት ሌላ ቢያገባም እንደዚያው ነው። ሕዝቡን የሚያቆርብ፣ የሚያጠምቅ፣ የሚፈታ ካህን ክህነቱ ጸንቶ የሚኖረው ከአንዲት ሴት ጋር በገባው ቃል ኪዳን ነው ማለት ነው።

የዚህችን ሴት ታሪክ የደቡብ ጎንደር ሰው አሳምሮ ያውቀዋል። ድንግልናዋ እንዳያጠራጥር ተብሎ ገና በልጅነቷ ትታጫለች። የቤተሰብ ሕጉ 18 ዓመት ይሙላት ቢልም ቤተሰቦቿ ለዲያቆን መስጠትን እንደ ክብር ይቆጥሩታልና ሠርጉ ይፈጥናል። ባሏ መዝሙረ ዳዊት ደግሞ፣ ጾመ ድጓ ተምሮ፣ ቅዳሴ አጥንቶ የመጣ ነው። እሷ ፊደል አልቆጠረችም። ዕድሜ ልኳን ከመጻሕፍቱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ትኖራለች፤ አቧራቸውን ታራግፋለች፣ ዝናብ እንዳይነካቸው ታነሣለች፣ አንዱንም ሳታነብ ትሞታለች።

ሴቶች በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ስላላቸው ቦታ ክርክር ሲነሣ ወዲያው ስለ ቅስና ይወራል። ደጋፊውም ተቃዋሚውም ወደ መቅደሱ ደጅ ይሮጣል። እኔ ግን ጉዳዩ ከዚያ በፊት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት በሚሰጥበት በጉባኤ ቤቱ ደጅ ላይ የተቆለፈ ይመስለኛል። ሴቶቻችንን ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ያራቃቸው ከሁሉ በላይ የትምህርቱ አኗኗር ነው፤ ዶግማው አይደለም። መንገዱ፣ ማደሪያው፣ ልመናው ለሴት ልጅ የማይቻል ሆኖ ስለኖረ ነው። ይህን ካመንን መፍትሔውም ከምናስበው ይቀርባል።

ደቡብ ጎንደር የሊቃውንት አገር ነው። ድጓ አስመስክሮ ሊመረቅ የሚፈልግ ተማሪ ከየትም ይምጣ ጋይንት ወርዶ ቤተልሔም መድረስ አለበት። ዝማሬ መዋስዕት የፈለገ ዙር አባ ይወጣል። አቋቋም የሚሻ ደብረ ታቦር ይገባል። እነዚህ ጉባኤ ቤቶች ለብዙ መቶ ዓመታት ሳይዘጉ የኖሩት በምንድን ነው? ደመወዝ አልነበረም፤ በጀት አልነበረም። መምህሩ የደብሩ መሬት ቢኖረውም ተማሪውን አያበላም ነበር። ተማሪውን ያበላው ቁራሽ ነው።

ሲመሽ እብናት ዙሪያ ካሉት መንደሮች በአንዱ ብትገኙ ታዩታላችሁ። የበግ ለምድ የደረበ ልጅ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ለውሻ የሚሆን በትሩን ይዞ ከአጥሩ ውጭ ይቆማል። «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል፣ ድምፁን ሳብ አድርጎ። ውሻው ይዘላል። ከጭሱ ውስጥ አንዲት ሴት ጨርቋን እያራገፈች ትወጣለች፤ «ተው አንተ!» ብላ ውሻውን ትገሥጻለች፤ እንጀራ አጥፋ፣ ካላት ትንሽ ሽሮ አድርጋበት፣ ከሌላት ደረቁን፣ በሁለት እጇ ትሰጠዋለች። ልጁ ስሟን አይጠይቅም። የማርያምን ስም ጠርቶ ለምኗልና ስለ ማርያም መስጠቷ ይበቃታል። ይህ በሐምሌና በነሐሴ፣ ጎተራው ተጠርጎ በሚታይበት ጊዜም አይቀርም። እብናት ድርቅ የሚመላለስበት አገር ነው፤ በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ጊዜ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች የተጠለሉበት የእርዳታ ጣቢያ እዚሁ ነበር። እዚህ አገር ከማዕድ የተረፈ ብሎ ነገር የለም። ከልጇ አፍ ቀንሳ ነው የምትሰጠው።

ከዚያ ቁራሽ የበላው ልጅ መሪጌታ ሆነ፣ የመጻሕፍት መምህር ሆነ፣ ጳጳስም የሆነ አለ። ቁራሹን የሰጠችው እናት ሴት ልጅ ግን ያን አኩፋዳ ማንገት አልቻለችም። ለምን? የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከአገሩ ወጥቶ፣ በማያውቀው ደብር ጎጆ ቀልሶ፣ ከሌሎች ልጆች ጋር ተደራርቦ እየተኛ፣ ማታ ማታ ከመንደር መንደር እየለመነ፣ ሰባትና ስምንት ዓመት ይማራል። ጠለፋ በነበረበት አገር የትኛው አባት ሴት ልጁን እንደዚህ ይሰዳታል? ማንም ቀኖና ጠቅሶ አልከለከላትም። መንገዱ ከለከላት።

ለዚህ ማስረጃው ደግሞ ትምህርቱ ቤታቸው ድረስ የመጣላቸው ሴቶች ናቸው። የመኳንንት ሴት ልጆች መምህር ተቀጥሮላቸው ዳዊት ይደግሙ ነበር። ከደብረ ታቦር አካባቢ የተገኙት እቴጌ ጣይቱ ብጡል በዘመናቸው ጥቂት ሴቶች ብቻ የነበራቸው የንባብና የጽሕፈት ዕውቀት ነበራቸው። ማዶ ጎጃም ደግሞ እማሆይ ገላነሽ ሐዲስ ነበሩ። በልጅነታቸው ዐይናቸው ጠፋ። አባታቸው የቅኔ መምህር ስለነበሩ ቅኔውን ከአባታቸው ቤት ተማሩ፤ ኋላም ወንበር ዘርግተው ወንዶቹን ቅኔ አስተማሩ። ሴትነታቸውም ዐይነ ስውርነታቸውም አላገዳቸውም፤ ጉባኤው ቤታቸው ውስጥ ነበርና። ከእሳቸው ዘንድ ቅኔ ተቀኝተው የወጡት ካህናት «ከሴት ተማርን» ብለው ቅኔያቸውን አልጣሉም።

መነኩሲቷን ወለተ ጴጥሮስን ማንሣት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ከእብናት ወደ ምዕራብ፣ ጣና ዳር፣ ደራ ውስጥ በስሟ የቆመው የቆራጣ ገዳም አለ። እ.ኤ.አ. በ1592 ከመኳንንት ቤት ተወለደች፤ መልክአ ክርስቶስ ለሚባል የዐፄ ሱስንዮስ የጦር አለቃ ተዳረች፤ ሦስት ልጆች ወልዳ ሦስቱም ሞቱባት። ንጉሡ ወደ ካቶሊክ እምነት ሲያዘነብል፣ አቡነ ስምዖን በተገደሉበት ዘመቻ ባሏ ከንጉሡ ጋር ሲሰለፍ፣ ትታው ወጥታ መነኮሰች። ሱስንዮስ በ1622 አዲሱን እምነት በአዋጅ ሲያጸና እሷ ከአገር አገር እየዞረች «አትቀበሉ» ብላ አስተማረች። ንጉሡ ፊት አቀረቧት፤ አልተመለሰችም። ወደ ሱዳን ጠረፍ ዠበይ ለሦስት ዓመት አጋዟት፤ እዚያም ሰው ተሰበሰበላት። በ1632 ሱስንዮስ አዋጁን ሽሮ ዙፋኑን ለፋሲለደስ ሲለቅ እሷ ወንድና ሴት መነኮሳትን አንድ ላይ የምታስተዳድር እናት ሆና ነበር። በዕድሜዋ ሰባት ማኅበራት መሥርታለች፤ እ.ኤ.አ. በ1642፣ በእኛ አቆጣጠር ኅዳር 17 ቀን ዐረፈች። ከእሷ በኋላ ማኅበሩን የመራችው ወዳጇ እኅተ ክርስቶስ ናት።

ገድሏ የተጻፈው ከሞተች ሠላሳ ዓመት ገደማ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1672 ነው፤ ጸሐፊው ገላውዴዎስ የሚባል መነኩሴ ነው። ከገድሉ ውስጥ ለእኔ ከተአምራቱ ሁሉ የሚበልጥብኝ አንድ ቦታ አለ። ከመነኮሳቱ መካከል መጽሐፍ አዋቂ የሆኑ ጥቂቶች ቀንተው ይነሣሉ። ሴት መሪና መምህር ትሁን የሚል ከየት መጣ፣ ጳውሎስ ሴት እንድታስተምር አልፈቅድም አላለምን ይላሉ። ዛሬ የሚነሣው ጥያቄ ቃል በቃል ያኔም ተነሥቷል ማለት ነው። የመለሰላቸው አባ ፈትለ ሥላሴ የሚባል ሊቅ ነው። እግዚአብሔር ያስነሣት ከሆነ ማን ይከለክላታል የሚል ነው የመልሱ ፍሬ ነገር፤ ገማልያል በሐዋርያት ሥራ የተናገረውን ይዞ ነው የቆመው። ገድሉን የጻፈ፣ ያስጻፈ፣ ለሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት እየቀዳ ያነበበ ሁሉ ይህን ክርክር አልሰረዘውም። ቤተ ክርስቲያኒቱ ራሷ ጥያቄውን ከነመልሱ አስቀምጣዋለች። ዛሬ አንዲት ሴት ስለ መጽሐፍ ስትናገር «ይህ የውጭ አመል ነው» የሚል ሰው ቆራጣን ረስቷል።

ወንዶቹ ሊቃውንት ብዙዎቹ ለቤተ መንግሥቱ በተንበረከኩበት ዘመን ሃይማኖቱን ካቆሙት ውስጥ ግንባር ቀደሟ ይህች ሴት ናት። እሷ ብቻም አይደለችም። ከቡልጋ ተነሥታ ጣና ጓንጉት የደረሰችው ክርስቶስ ሠምራ ለሰይጣን ሳይቀር ምሕረት የለመነች ናት፤ ሊቃውንቱ ለመጠየቅ የማይደፍሩትን ነገር በጸሎት ፊት ለፊት ጠየቀች። ነሐሴ 24 በየዓመቱ የምናከብራት ሴት እንዲህ ያለ ሐሳብ ያላት ናት።

ጳውሎስን ማለፍ አይቻልም፤ ማለፍም አያስፈልግም። ለጢሞቴዎስ የጻፈው ቃል አለ። ያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ በክንክራኦስ የምታገለግለውን ፌቤንን አደራ ይላል። በሐዋርያት ሥራ ጵርስቅላ ከባሏ ጋር ሆና አጵሎስን፣ ያን አንደበተ ርቱዕ ሰው፣ ወስዳ የጌታን መንገድ አጥርታ አስረድታዋለች። የወንጌላዊው የፊልጶስ አራት ሴቶች ልጆች ትንቢት ይናገሩ ነበር። ዲድስቅልያችን ስለ ሴት ዲያቆናት ይናገራል። እኅት የሆኑት አብያተ ክርስቲያናት ይህን ነገር አልረሱትም፤ ግብፃውያን በአቡነ ሲኖዳ ሣልሳዊ ዘመን የዲያቆናዊት አገልግሎትን አደራጅተዋል፤ አርመኖች እ.ኤ.አ. በ2017 ቴህራን ላይ አንዲት ሴት በዲቁና ሾመዋል። እኔ ግን አሁን ዲቁና ስጡን አልልም። የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ሴቶችን ለቅስና ትሾማለች፤ የእኛ ቤተ ክርስቲያን በዚያ ጉዳይ የራሷ ሲኖዶስና የራሷ ቀኖና አላት፤ ይወስኑ። በወር አበባ ጊዜ ከቅጥሩ ውጭ ስለመቆም፣ ወንድ በ40 ሴት በ80 ቀን ስለመጠመቅም ብዙ የሚባል አለ፤ ለሌላ ጊዜ ይቆይ። ማንበብና ማስተማር ግን ሹመት አይጠይቅም። ዳዊት ለመድገም፣ ቅኔ ለመቁጠር፣ የወንጌል ትርጓሜ ለመስማት ማንም እጅ አይጭንም።

«ሴቶች እኮ ክብራቸው አለ፤ የእመቤታችን ሠላሳ ሦስት በዓላት አሉ» ይባላል። እውነት ነው። በእብናት የሴቶች ማኅበር ገብቶ ያየ ሰው ይህን አይክድም። በወር በ21 ወይም በ16 ተራዋ የደረሰ ሴት ጠላ ጠምቃ፣ ድፎ ደፍታ፣ ቤቷን ጠርጋ ሣር ጎዝጉዛ ትጠብቃለች። ቄሱ መጥተው ዳቦውን ይባርካሉ። ከዚያ ጨዋታው ይጀመራል፤ ማን ታመመች፣ የማን ልጅ ከቤት ወጣ፣ ለማን ጤፍ እናበድር። የትኛው ቀን የማን በዓል እንደሆነ ወሩን ሙሉ በቃል ይቆጥሩታል፤ የተአምረ ማርያምን ታሪክ ሰምተው ብቻ ከነዝርዝሩ ይዘውታል። ቀብር ላይ ደግሞ ያቺው ሴት ግጥም ስታወርድ ሰምና ወርቁን ሳታጣው ትናገራለች። እንዲህ ያለ ጭንቅላት ያላትን ሴት ቅኔ ቤት አለማስገባት ለቤተ ክርስቲያኒቱ ኪሳራ ነው። በዓል ማክበር ጥሩ ነው፤ የእመቤታችን ስም የሚጠራበትን መጽሐፍ ግን ሴቷ ከቄሱ አፍ ብቻ ልትሰማው አይገባም።

እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩን ብዙ ሰው በፒያኖ ያውቃቸዋል፤ በ99 ዓመታቸው ኢየሩሳሌም ያረፉት መነኩሲት። ጎንደር ሳሉ የቅዱስ ያሬድን ዜማ ሲያጠኑ ሜዳ ላይ የሚያድሩትን የቆሎ ተማሪዎች አይተው ልባቸው ተነካ። እ.ኤ.አ. በ1967 የመጀመሪያውን ሸክላቸውን ያስቀረጹት ለእነዚያ ልጆች መርጃ ገንዘብ ለማግኘት ነበር። እንደ እብናት ሴቶች እሳቸውም ጉባኤ ቤቱን መገቡ። ልዩነቱ እሳቸው ውጭ አገር የተማሩ በመሆናቸው ዜማውን ራሱን የሚያጠኑበት መንገድ ማግኘታቸው ነው።

ነገሩ መለወጥ ጀምሯል። ሰንበት ትምህርት ቤቶች ሴት ልጆችን በመዝሙርና በትምህርት ከወንዶቹ እኩል አቁመዋል፤ በ1965 ዓ.ም. የወጣው የሰበካ ጉባኤ ደንብ፣ ቃለ ዐዋዲ፣ ምእመናንና የሰንበት ተማሪዎች በሰበካ ጉባኤ እንዲቀመጡ በር ከፍቷል። አዲስ አበባ ያሉት የቤተ ክርስቲያኒቱ ኮሌጆች ሴቶችን ያስመርቃሉ። ይህ ሁሉ ግን በአብዛኛው የከተማ ነው። የሰንበት ተማሪዋ መዝሙር ታውቃለች፤ ግእዙን፣ ዳዊቱን፣ ትርጓሜውን አታውቅም። ለገጠሯ ልጅ ደግሞ ያም የለም።

ባለፉት ዓመታት በአማራ ክልል በቀጠለው ጦርነት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል። ወንዱ ልጅ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋበት ቢያንስ ወደ የኔታ ይሄዳል፤ አብነት ትምህርት ቤቱ የመንግሥት በጀት ስለማይጠብቅ በጦርነትም ይቆማል። እኅቱ ትምህርት ቤቱ ሲዘጋባት የሚቀራት ባል ነው። በዚህ ጊዜ ቤተ ክርስቲያኒቱ ለእነዚህ ልጆች በር ብትከፍት ከትምህርቱ በተጨማሪ ከልጅነት ጋብቻም ታድናቸዋለች።

መጀመር የሚቻለው ከካህኑ ቤት ነው። በየደብሩ ንባብ የሚያውቅ ካህን አለ፤ ሚስቱና ሴት ልጆቹም አሉት፤ መምህሩና ተማሪዋ ከአንድ ምድጃ ይሞቃሉ። መንገድ የለም፣ ልመና የለም፣ ጎጆ መቀለስ የለም። የደቡብ ጎንደር ሀገረ ስብከት ለቅስና የሚመጣውን ዲያቆን «ያገባሃት ሴት ዕድሜዋ 18 ሞልቷል? ፊደል ቆጥራለች?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ካልቆጠረችም «አስተምረሃት ና» ቢለው፣ በአንድ ትውልድ ውስጥ በየገጠሩ ደብር ዳዊት የምትደግም ሴት ትኖራለች። እሷ ደግሞ የጎረቤቶቿን ሴት ልጆች በቤቷ ታስተምራለች። ከእነሱ ውስጥ ጎበዟ ቅኔ ብትፈልግ በሴቶች ገዳማት ግቢ ማደሪያ ተሠርቶላት መማር ትችላለች። ደብረ ታቦርም ሆነ ቆራጣ ለዚህ የሚሆን ቦታ አያጡም፤ እማሆዮችም አሉ፤ ቁራሹም፣ እንደ ወትሮው፣ አይጠፋም።