የልብስ ሰፊው ምክር ለጭቃ ቤቶች

ፋሽን አዲስ መልበስ ብቻ አይደለም፤ አሮጌውን አሳምሮ ማዋልም ነው። ብልህ ልብስ ሰፊ በሳሳ ነጠላ ላይ ጠንካራ እራፊ አይጥፍም፤ እራፊው ነባሩን ይቀድደዋልና። በጎፋ ያረጁ የጭቃ ቤቶች ሲታደሱ ግን ይህ ጥበብ የተዘነጋ ይመስለናል። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ መልሶም ያተናል። በሲሚንቶ ሲለሰን እርጥበቱ መውጫ ያጣል፤ ማገሩ ይበሰብሳል፤ ግትሩ ልስን ይሰነጠቃል፤ የነዋሪውም ጥሪት ከንቱ ይቀራል። ከጭድ ጋር የቦካ ጭቃ ወይም ኖራ ግን ከነባሩ ግድግዳ ጋር ይስማማል።

ጋቢም ያስተምረናል፤ 4 ድርቡ የሚያሞቀው በመካከሉ አየር ስለሚይዝ ነው። ከቆርቆሮ ሥር የሚወጠረው የአቡጀዲ ኮርኒስም እንዲሁ የቤቱ ገበር ሆኖ ሐሩሩንና ቁሩን ያለዝባል። እንግዲህ አሮጌው ቤት ይፍረስ ከመባሉ በፊት ልኩ ይወሰድ እንላለን።