ስለ መምህርና ስለ ባልንጀሮቹ ፍርድ

በአገራችን መምህር የሚለው ስም ከባድ ነው። ክብደቱ ይቅለል የሚልም ከእኛ መካከል የለም። ነገር ግን ይህ ክብደት መምህሩን ከክፍል ውጪ እንኳ እንደ ሐውልት ገትሮ ሊያቆመው ይገባልን?

ይህን ለመጠየቅ ያነሣሣን ነገር እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በደቡብ ጎንደር ደጋ ካሉት ከተሞች በአንዷ፥ ከእኛ አንዳንዶቻችንን አማርኛ ያስተማረች መምህርት በዘመዷ ሠርግ ላይ የአገር ልብሷን ለብሳ፥ መቀነቷን ታጥቃ እስክስታ ወረደች። በስልክ የተቀረፀውንም ምስል በቲክቶክ ገጿ ላይ አወጣችው። ነገሩ ይኸው ነው፤ ከዚህ የበለጠ ወንጀል ፈልገን አላገኘንም።

በማግሥቱ በመምህራኑ ማረፊያ ክፍል ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ «የተማሪ መሳቂያ አደረገችን» አለ፤ ሌላዋ «የልጆች እናት ሆና?» አለች። ከፈራጆቹም አንደኛው በዚያው ሠርግ ላይ ከእርሷ ይልቅ ሲዘል ያየነው ሰው ነበር፤ ልዩነቱ እርሱን የቀረፀ አለመኖሩ ነው። ለራሷ ግን ፊት ለፊት የነገራት አንድም ሰው አልነበረም። የሰማችው ከተማሪ አፍ ነው። ምስሉን አነሣችው፤ ብዙም ሳትቆይ ስትመራው የነበረውን የሙዚቃና የቴአትር ክበብ ተወች።

በዚህ ነገር ደብረ ታቦር የምትመሰክረው አላት። አለቃ ገብረ ሐና በፎገራ የተወለዱ የ19ኛው መቶ ዘመን ሊቅ ናቸው። (ቀልዳቸውን በየሻይ ቤቱ እየደገምን የአቋቋም መምህርነታቸውን መርሳታችን ያስተዛዝባል።) እንደሚተረከው፥ አለቃ የጣናን ማዕበል መመላለስና በዳርቻው ያለውን ደንገል መወዛወዝ ተመልክተው፥ ሰውነትን ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚያወዛውዝ አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ። የጎንደር ሊቃውንት ግን አልተቀበሉትም። አለቃም ስልቱን ለልጃቸው ለተክሌ አስተማሩት፤ ተክሌ ወደ ደብረ ታቦር ይዞት ሄደ፤ የደብረ ታቦር ካህናትም ተቀበሉት። ዛሬ «የተክሌ አቋቋም» የሚባለው ይህ ነው። በጎንደር «አይሆንም» የተባለው ሥራ በጥቂት ቀን መንገድ ርቀት ላይ የከተማይቱ መታወቂያ ሆነ።

እስክስታና ዝማሜ አንድ ነው አላልንም፤ የሚቆጣ እንዳይኖር። የጎንደር ሊቃውንትም ምቀኞች ነበሩ አንልም። አደራ ነበረባቸው፤ የሚፈርዱበትን ሥራም ከማንም ይልቅ ያውቁት ነበር። በጋይንት ቤተልሔም ድጓ የሚያስመሰክረው ደቀ መዝሙርም ቢሆን የሚፈተነው ድጓውን ጠንቅቀው በሚያውቁ መምህራን ፊት ነው፤ ሲሳሳት እዚያው ይታረማል። እንዲህ ያለውን የባልንጀራ ፍርድ እንወደዋለን። በሻይ ብርጭቆ ዙሪያ የተሰየመው ችሎት ግን ሥራዋን አልመረመረም። አማርኛውን እንዴት እንደምታስተምር የጠየቀ አልነበረም።

ወሰን የለም ማለታችን አይደለም። የደካማ ተማሪን የፈተና ወረቀት ለሕዝብ መሳቂያ የሚያወጣ መምህር ቢኖር፥ ባልንጀሮቹ ዝም ቢሉ የምንወቅሰው እነርሱን ነው። በዘር ላይ ጥላቻ ለሚሰብክም አዋጅ ቁጥር 1185/2012 አለ። ነገር ግን እንዲህ ያለው መምህር እንኳ የሚዳኝበት ወግ አለው። የዓለም የሥራ ድርጅትና ዩኔስኮ በ1959 ዓ.ም. ስለ መምህራን ባጸደቁት የውሳኔ ሐሳብ፥ በዲሲፕሊን የሚከሰስ መምህር ክሱ በጽሑፍ ይነገረው፥ የመከላከልም መብት ይኑረው ይላል። መምህርታችን ይህን ያህል እንኳ አላገኘችም።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ ነፃነት ለማንኛውም ሰው ሲሰጥ መምህርን ለይቶ አላስቀረም። ግን እርሷን ያስፈራት ሕግ አልነበረም። በየቀኑ ሻይ አብረው የሚጠጡት ሰዎች ናቸው፤ እነርሱን ደግሞ የትኛው ፍርድ ቤት ይከለክላቸዋል?

አንድ ጓደኛችን ይህን ጽሑፍ አይቶ «በትንሽ ከተማ ተማሪው እንዲህ ያየውን መምህር አያከብርም» ሲል ተከራከረን። ክርክሩ ቀላል አይደለም፤ ከተማዋን እናውቃታለንና። ሆኖም የዚያን ጊዜ ተማሪዎቿን ስንጠይቅ፥ በመጀመሪያው ቀን የተነጋገሩት ስለ ትከሻዋ አወራረድ ነበር፤ አንዳንዶቹም በእረፍት ሰዓት ሊሞክሩት ይታገሉ ነበር። ነገሩ ነውር መሆኑን ያስተማሯቸው መምህራኑ ናቸው።

ከእኛ ብዙዎቹ ነገ ከነዚያ ማረፊያ ክፍሎች በአንዱ ወንበር ይዘን የምንቀመጥ ነን። ስልኩ ዞሮ እጃችን ሲደርስ ምን እንደምንል ከአሁኑ ብንነጋገርበት ምን ነበረበት?

መምህርታችን አሁንም ታስተምራለች። በሰዓቷ ትገባለች፤ በሰዓቷ ትወጣለች። ክበቡን እስካሁን የተረከበ የለም፤ ከበሮውም ከተሰበሩት ወንበሮች ጋር መጋዘን ገብቷል።